«ሪል» የምንላት ቃል፤ ከአያት እስከ ማድሪድ

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግሞ ሳይሰማ ጉዞውን አይጨርስም። ታክሲው አያት ሲቃረብ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ይባላል። «የት ጋ ነው እናቴ?» ይጠይቃል ረዳቱ። «ሪል ስቴቱ በር ላይ አውርደኝ» ይላሉ ሴትዮዋ። ከፊታቸው የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ስለ ሪል ማድሪድ ይከራከራሉ። ሦስተኛው ጓደኛቸው ክርክሩን ትቶ ስልኩ ላይ «ሪልስ» ያያል። በመስኮቱ በኩል ያለችው ባለ ቦርሳ ደግሞ በስልክ፣ «ገንዘቡን በአር ቲ ጂ ኤስ ልኬልሃለሁ፣ አሁን ይደርስሃል» ትላለች። ከአራቱ ፊደላት የመጀመሪያው «ሪል» ማለት እንደሆነ ልብ ያለው ተሳፋሪ የለም።

በአንድ ታክሲ ውስጥ አራት ጊዜ «ሪል» ተባለ። የሚገርመው፣ አራቱ አንድ ቃል አይደሉም። የሴትዮዋና የባንክ ሠራተኛዋ «ሪል» አንድ ነው። የማድሪዱ ሌላ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም።

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሳስቆ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን «ሪል ስቴት» በምትለው ላይ የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ ይፈስባታል። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ቃሏ ምን እንደምትሰጠው፣ ምን እንደማትሰጠው ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ቃሏን ከሥሯ ጀምረን እንያት።

ሁለት አባቶች፣ አንድ ስም

በላቲን ቋንቋ «ሬስ» ማለት «ነገር» ወይም «ንብረት» ማለት ነው። ከእርሱ «ሬያሊስ» የሚል ቅጽል ወጣ፤ «ከነገሩ ጋር የተያያዘ፣ ነገርነት ያለው» እንደማለት። የእንግሊዝኛው «ሪል» የዚህ ልጅ ነው።

በዚያው በላቲን «ሬክስ» ማለት ንጉሥ ነው፤ ቅጽሉ «ሬጋሊስ» ሲሆን «ንጉሣዊ» የሚል ትርጉም አለው። ይህኛው በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ሮያል» ሆነ። ስፔኖች ግን ሁለቱንም ቃላት አሳጥረው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ሰጧቸው። በስፔንኛ «ሬያል» ሲባል «እውነተኛ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ «ንጉሣዊ» ማለትም ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ይህችን ነገር ሰምተው «ሪል ስቴት ማለት በጥንት ጊዜ የንጉሥ ርስት ማለት ነበር» ብለው ያስረዳሉ። አይደለም። የቤቱ «ሪል» ከ«ሬስ» የመጣ ነው፤ ንጉሥ የለበትም። ንጉሥ ያለበት የእግር ኳሱ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

የዕለት ተዕለቱ «ሪል»

በተራ የእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ቃሉ ቢያንስ አምስት ሥራ ይሠራል። አማርኛ ለአምስቱም አንድ ቃል የለውም፤ በየቦታው የተለያየ ቃል ያቀርባል።

የመጀመሪያው «በሐሳብ ወይም በሕልም ብቻ ያልሆነ» የሚለው ነው። ለዚህ «እውን» የሚለው ቃል ልክክ ይላል፤ «በሕልሜ ነው በእውኔ?» እንደምንለው።

ሁለተኛው «አስመስሎ ያልተሠራ» ነው፤ ሪል ቆዳ፣ ሪል ወርቅ እንደሚባለው። መርካቶ ለዚህ የምትጠቀመው «ሪል»ን ሳይሆን «ኦሪጅናል» የሚለውን ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኦሪጅናል» ሲባል በዋናነት «የመጀመሪያው፣ ቅጂ ያልሆነው» ማለት ነው። አንድ ጫማ ኦሪጅናል ቢሆንም ቆዳው ሪል ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው «ዋናው፣ ከጀርባ ያለው» የሚለው ነው። «ሪል ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ፣ የተነገረው ምክንያት ውሸት ነው ማለቱ ላይሆን ይችላል። ከተነገረው በላይ ሌላ እንዳለ ጠርጥሯል ማለት ነው።

አራተኛው ማጠናከሪያ ነው። «ሪል ችግር» ሲባል «ሐሰተኛ ያልሆነ ችግር» ሳይሆን «የምር ችግር» ማለት ነው። «የምር» የምንላት የአማርኛ ቃል ለዚህ «ሪል» የቅርብ ዘመድ ናት። «ሪሊ?» ሲሉንም ትክክለኛው ትርጉሙ «የምርህን ነው?» ነው።

አምስተኛው «ስሙ የሚገባው» የሚለው ነው። «ሪል ጓደኛ» ሲባል እኛ «ጓደኛ ማለት እሱ ነው» የምንለውን ይመስላል።

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚሳሳተው «ሪል»ን ከ«ትሩ» ጋር ሲያምታታ ነው። አማርኛችን ለሁለቱም «እውነት» ስለሚል ነው። በጥቅሉ ሲታይ «ትሩ» የሚነገር ነገር ባሕርይ ነው፤ ወሬ፣ ታሪክ፣ መልስ «ትሩ» ሊሆን ይችላል። «ሪል» ደግሞ የነገሩ የራሱ ባሕርይ ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው «ሪል» አይደለም እንጂ «ትሩ አይደለም» አይባልም። የምስክር ቃል ግን «ትሩ» ነው ወይም አይደለም።

ሌላው ስህተት «ሪል ጉድ» የሚለው አነጋገር ነው። አሜሪካ የኖረ ዘመድ «በጣም ጥሩ» ለማለት ሲጠቀምበት እንሰማለን፤ በንግግር ችግር የለውም። ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ሪፖርት ላይ ግን «ሪሊ» መባል ይኖርበታል።

«ሪያላይዝ» የሚለውም ሁለት ፊት አለው። በተራ ንግግር «ገባኝ፣ ተገለጠልኝ» ማለት ነው። በሒሳብ ባለሙያ አፍ ግን «ወደ እጅ ገባ፣ ወደ ገንዘብ ተለወጠ» ማለት ነው። ከዓመታት በፊት አያት ላይ ቤት የገዛ ሰው ዋጋው ሦስት እጥፍ አደገልኝ ብሎ ቢደሰት፣ ሒሳብ ሠራተኛው «እስክትሸጠው ድረስ ትርፉ ገና ሪያላይዝ አልሆነም» ይለዋል።

ስልክ ላይ ያለው «ሪልስ» ደግሞ ሌላ ቃል ነው። እርሱ የክር ወይም የፊልም መጠቅለያ ማለት ነው። የጥንቱ ሲኒማ ፊልም በእንዝርት መሰል ክብ ነገር ላይ ተጠቅልሎ ይመጣ ስለነበር አጫጭር ቪዲዮዎች ስሙን ወርሰዋል። በእንግሊዝኛ ፊደሉ የተለየ ነው፤ በፊደላችን ስንጽፈው ግን ከሪል ስቴቱ ጋር መንታ ይሆናል።

ነገሩን ራሱን የማግኘት መብት

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ለመሆኑ ቤትና መሬት በእንግሊዝኛ ለምን «ሪል» ተባሉ? ሌላው ንብረት፣ ለምሳሌ መኪና ወይም ከብት፣ እውነተኛ ስላልሆነ ነው?

መልሱ ያለው በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን መሬቱን የተነጠቀ ሰው ከስሶ ሲረታ ፍርድ ቤቱ መሬቱን ራሱን ያስመልስለት ነበር። ላሙን የተነጠቀ ሰው ግን ቢረታም ላሟን ራሷን ማግኘቱ ዋስትና አልነበረውም፤ ያዡ ግምቱን ከፍሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። ነገሩን ራሱን፣ ማለትም «ሬስ»ን የሚያስገኘው ክስ «ሪል» ተባለ። ሰውየውን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርገው ክስ ደግሞ «ፐርሰናል» ተባለ። ከጊዜ በኋላ ስሙ ከክሱ ወደ ንብረቱ ተሸጋገረ። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ አያት ላይ እንደገና እንፈልገዋለን።

«ስቴት» ወይም «እስቴት» የሚለው ሁለተኛው ቃል ደግሞ «ሁኔታ፣ ማዕረግ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አስተሳሰብ መሬት ሁሉ በመጨረሻው የዘውዱ ነው። ግለሰብ የሚይዘው መሬቱን ራሱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያለውን የመብት ደረጃ ነው፤ ያ ደረጃ «እስቴት» ይባላል። አንዱ ለዘለዓለም፣ ሌላው ለተወሰኑ ዓመታት ሊሆን ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል «ርስት» ሲባል አንድ ሰው ከአባት ከእናቱ ቆጥሮ በመሬት ላይ የሚያገኘው መብት ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም መብቱ ሥር የሰደደ መሆኑን ለማሳየት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ተጽፏል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት እንደሚሆን ይናገራል።

በመሆኑም አያት ላይ ቪላ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቤቱን ነው። ከሥሩ ያለውን ቦታ የሚይዘው ለተወሰነ ዘመን ነው። በሌላ አነጋገር «እስቴት» የሚለው ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ለእኛ ሊዝ በደንብ ይስማማል፤ የማይስማማው «መሬት ገዛሁ» የሚለው የሠፈር ወሬ ነው።

አያት ላይ ቃሉ ምን ሆነ?

በእንግሊዝኛ «ሪል ስቴት» መሬትና በላዩ ላይ ያለ ሕንፃ በአጠቃላይ ነው። የሕጋችን አቻ ቃል «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬትንና ሕንፃዎችን በዚህ ስም ይጠራቸዋል። በዚህ ትርጉም ጎጆ ቤትም፣ የቀበሌ ቤትም፣ የመርካቶ ሱቅም ሁሉም ሪል ስቴት ናቸው።

አዲስ አበባ ግን ቃሉን አጥብባ ወሰደችው። የግል ኩባንያዎች ቤት በብዛት ሠርተው መሸጥ ሲጀምሩ ቃሉ አብሯቸው መጣ። በዚህ ሥራ ከቀደሙት አንዱ ከሠፈሩ ጋር በአንድ ስም የሚጠራው የአያት ኩባንያ በመሆኑ፣ ለብዙ የከተማችን ነዋሪ «ሪል ስቴት» ሲባል መጀመሪያ ዓይኑ ላይ የሚመጣው ይህ የምሥራቅ አቅጣጫ ነው። ዛሬ ቃሉ በአዲስ አበባ አፍ ሦስት ትርጉም አለው።

አንደኛ ኩባንያውን ነው፤ «ሪል ስቴቱ አላስረከበንም» ሲባል። ሁለተኛ ግቢውን ወይም ሠፈሩን ነው፤ «ሪል ስቴት ውስጥ ነው የሚኖሩት» ሲባል። ሦስተኛ የቤት ዓይነት ነው፤ «ኮንዶሚኒየም ነው ሪል ስቴት?» ተብሎ ሲጠየቅ። ይህ ሦስተኛው እንግሊዛዊን ግራ ያጋባዋል፤ ለእርሱ ኮንዶሚኒየሙም ሪል ስቴት ነውና።

በአማርኛ እንዲህ መናገር ነውር የለውም፤ ቋንቋ የተበደረውን ቃል እንደሚመቸው ያደርጋል። ጥንቃቄ የሚያሻው በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ነው። «አንድ ሪል ስቴት ገዛሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ስህተት ነው፤ ቃሉ እንደ ውኃና እንደ ስኳር አይቆጠርም። ቤት ገዛሁ፣ አፓርታማ ገዛሁ ማለት ይበቃል። የሚኖሩበትን ግቢ «ሃውዚንግ እስቴት» ቢሉት ይገባል። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ሪልተሬ» ሲል ደግሞ የቤት አገናኙን ማለቱ ነው፤ በዚያ ሀገር «ሪልተር» የሚባለው ስም የአንድ የሙያ ማኅበር የተመዘገበ መለያ ነው እንጂ የማንኛውም ደላላ ስም አይደለም።

አሁን በልብዎ ይያዙልን ያልነውን ልዩነት እናንሳ። በወረቀት ላይ ያለ ፕላን አይቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ የሚፈርም ሰው ምን ገዛ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና ያልተሠራ ቤትን ለማስረከብ የሚደረግ ውልን የሚያየው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል አድርጎ ነው፤ ማለትም ቤቱ እንዲሠራለት የተዋዋለ ሰው ነው። በዚያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈራሚው በእጁ ያለው በኩባንያው ላይ ያለ መብት ነው። ቤቱ ላይ ያለው መብት ገና አልመጣም።

በጥንቱ ቋንቋ ካልነው፣ የያዘው «ሪል» ሳይሆን «ፐርሰናል» ነው ማለት ነው። ኩባንያው ቃሉን ካላከበረ ውሉ እንዲፈጸምለት መጠየቅ ይችላል፤ ወይም ውሉ ተሰርዞ ገንዘቡና ኪሣራው እንዲከፈለው ይጠይቃል። ነገር ግን የሚከሰው ኩባንያው ጤናማ ሆኖ ሲቆም ነው። ኩባንያው ገንዘብ ከሌለው የገንዘብ ፍርድ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ባለፉት ዓመታት ቅድሚያ ከፍለው ረጅም ጊዜ የጠበቁ ቤት ፈላጊዎች በየሠፈሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች ያጡት ቤት ብቻ አልነበረም፤ «ሪል ስቴት ገዛሁ» የሚለው አነጋገር ራሱ አሳስቷቸዋል። ያልተሠራ ነገር አይገዛም፤ እንዲሠራ ይታዘዛል።

መንግሥት ዘርፉን የሚገዛ ራሱን የቻለ አዋጅ ያወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የውጭ ሀገር ዜጎች በተወሰነ ሁኔታ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ ሌላ ሕግ ጸድቋል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን በቢጫ ካርዳቸው ከዚያ ቀደም ብሎም ይህ መብት ነበራቸው።

ባንክ ቤት ያለው «ሪል»

ለቤት የሚቆጥብ ሰው ሌላም «ሪል» ያጋጥመዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች «ሪል ወለድ» ሲሉ ከወለዱ ላይ የዋጋ ንረት ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። ባንክ የሚነግረን ወለድ የስም ወለድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። አንድ ሚሊዮን ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070,000 ብር ያገኛል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንድ ሚሊዮን ይገዛ የነበረው ዕቃ 1,300,000 ብር ገብቷል። ገንዘቡ በመግዛት አቅሙ ሲለካ ወደ 823,000 ብር ገደማ ወርዷል። ደብተሩ ላይ ጨምሯል፤ በ«ሪል» ግን ቀንሷል። ብዙ ባለ ደመወዝ ቁጠባውን ከባንክ አውጥቶ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ይህች ስሌት ትነግረናለች። ከአንዱ «ሪል» ሸሽቶ ወደ ሌላው «ሪል» መግባት ነው።

የታክሲዋ ሴት ያነሳችው «አር ቲ ጂ ኤስ» ደግሞ «ሪል ታይም» ከሚለው ይጀምራል። «በእውነተኛ ሰዓት» ብሎ መተርጎም አይገልጸውም። ትርጉሙ «ወዲያውኑ፣ ነገሩ በሚሆንበት ቅጽበት» ነው። ባንኮች የቀኑን ክፍያ ሁሉ ደምረውና ተቀናንሰው ማታ ከመተሳሰብ ይልቅ እያንዳንዱ ዝውውር ለብቻው በደረሰበት ጊዜ ይወራረዳል ማለት ነው።

ንጉሡ ያለበት «ሪል»

ወደ እግር ኳሱ ስንመጣ፣ የማድሪዱ ክለብ ስም «እውነተኛው ማድሪድ» ማለት አይደለም። ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1920 ለክለቡ «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1931 ስፔን ሪፐብሊክ ስትሆን ማዕረጉ ተነሳ፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1941 ተመለሰ። ሪል ሶሲዳድም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ የባርሴሎና ደጋፊ «እናንተ ምኑን ሪል ሆናችሁ?» እያለ ቢቀልድ፣ የሚቀልደው በተሳሳተው ቃል ላይ ነው።

የዚህ ቃል ሌላ ልጅ እኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ስፔኖች «ሬያል» የሚባል የብር ሳንቲም ነበራቸው፤ «የንጉሥ ገንዘብ» እንደማለት። ስሙ በንግድ ወደ ዓረብ ምድር ተሻግሮ «ሪያል» ሆነ። አያቶቻችን «ብር» እያሉ የተገበያዩበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራም በዓረቦቹ ዘንድ ሪያል ይባል ነበር። ዛሬ ከሳዑዲ የምትልክ እህት ሪያል ስትል፣ ሳታውቀው የስፔንን ንጉሥ ትጠራለች።

ከመፈረም በፊት

አንድ ቃል ለብዙ ነገር ሲያገለግል የሚጎዳው ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው ነው። ስለዚህ አያት ላይም ሆነ ሌላ ቦታ «ሪል ስቴት» ልትገዙ የተነሳችሁ አንባቢያን አራት ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም። ቤቱ አሁን ቆሞ ይታያል ወይስ በፕላን ላይ ነው? ቦታው በማን ስም፣ ለስንት ዓመት ሊዝ የተያዘ ነው? ካርታው በስሜ የሚዞረው መቼ ነው፣ ይህስ በውሉ ላይ ተጽፏል? አፓርታማ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የግሌ የሆነውና ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነው ተለይቶ ተቀምጧል?

ለአራቱም የተጻፈ መልስ ያገኘ ሰው የያዘው ነገር ወደ ጥንቱ «ሪል» ይጠጋል። ያላገኘ ሰው ግን ገና የያዘው ተስፋና ደረሰኝ ነው። ታክሲ ውስጥ «ሪል ስቴቱ በር ላይ አውርደኝ» ማለት ቀላል ነው፤ በሩን ከፍቶ ለመግባት ግን ቁልፉ በእጅ፣ ስሙም በመዝገብ መኖር አለበት።